ፍሬው ከመቀባቱ በፊት

(በአንድ ቆላማ ወረዳ ቤተ ክህነት አዳራሽ ለተሰበሰቡ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በኮሚሽናችን የፕሮጀክት ባለሙያ ዲያቆን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፉት ወራት ከተለያዩ አጥቢያዎች ወደ ቢሯችን የደረሱት ደብዳቤዎች በአብዛኛው አንድ ጥያቄ ይዘዋል። ማንጎና ፓፓያ ቶሎ እንዳይበላሽ በላዩ የሚቀባ፣ ከፍሬው ጋርም አብሮ የሚበላ ሽፋን እንዳለ ሰምተናል፤ ኮሚሽኑ ይግዛልን፣ አለዚያም የምንገዛበትን መንገድ ያሳየን የሚል ነው። ከደብዳቤዎቹ አንዱ ደግሞ በጀት ካልተገኘ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ ከተጠራቀመው ገንዘብ ተበድረን እንገዛለን ይላል። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። የጣሪያው ገንዘብ ምእመናን ከዕለት ጉርሳቸው እየቀነሱ ያዋጡት ነው። ስለዚህ ለደብዳቤው በደብዳቤ ከመመለስ ይልቅ በአካል መጥቼ ነገሩን ከነጥቅሙ፣ ከነጉድለቱም ላስረዳ ብዬ ሥራ አስኪያጁን ፈቃድ ጠየቅሁ።

ችግሩ እውነተኛ መሆኑን አልክድም። በብዙ ቆላማ ቦታዎች ማንጎ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ውስጥ በአንድነት ይደርሳል። አንዱ ደብር ሲለቅም ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ይለቅማል። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ ሦስት ቀን ብቻ ዘግይቶ ቢመጣ ዋጋውን ራሱ እንደሚቈርጥ፣ እኛም እንቢ ብለን የምናቆይበት አቅም እንደሌለን ያውቃል። የተረፈው ከዛፉ ሥር ወድቆ የዝንብ ማኅበር ይሆናል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ 14 ከመቶ የሚሆነው ከአዝመራ በኋላ ለችርቻሮ ገበያ ሳይደርስ እንደሚጠፋ ገልጿል። ይህ እህሉንም ሁሉንም ጨምሮ ነው፤ የፍራፍሬና የአትክልት ጉዳት ከእህል የበለጠ መሆኑን ለማወቅ ግን የደብራችንን ግቢ በሰኔ ማየት ይበቃል። ጌታችን አምስት ሺሕ ሕዝብ ከመገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ ማዘዙን፣ ዐሥራ ሁለት መሶብም መሙላቱን ለእናንተ ለመምህራኑ አላስተምርም።

እንግዲህ ሽፋኑ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ አስቀድሞ ፍሬ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ገበሬዎች ወይም የገበሬ ልጆች ስለ ሆንን፣ ገብስ በጎተራ እንደሚቀመጥ ሁሉ ፍሬም እንዲሁ የሚቀመጥ ይመስለናል። እህል ግን ደርቆ የተኛ ነው፤ ፍሬ ገና ሥራ ላይ ነው። ከዛፉ ከተለየም በኋላ ይተነፍሳል። ከአየሩ ኦክስጅን ይወስዳል፣ በውስጡ ያጠራቀመውን ስኳር ያቃጥላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀት ያወጣል። በጆንያ ታጭቆ ያደረ ማንጎ መካከል እጃችሁን ብታስገቡ የሚሰማችሁ ሙቀት ከፀሐይ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የፍሬው የራሱ ትንፋሽ ነው። ዛፉ ላይ ሳለ የሚያወጣውን ውሃ ሥሩ ይተካለት ነበር። ከተቈረጠ በኋላ የሚተካለት የለም። ብዙ ዓይነት ፍሬ ከክብደቱ 5 ከመቶ ገደማ ውሃ ሲያጣ ቆዳው መጨማደድ ይጀምራል። በኪሎ ለምንሸጥ ለእኛ ደግሞ ይህ መጨማደድ ብቻ አይደለም፤ 100 ኪሎ ማንጎ 95 ኪሎ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ኤትሊን የሚባለው ጋዝ ነው። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱንና ቲማቲም ይህን ጋዝ ራሳቸው ያመነጫሉ፤ በእርሱም ይበስላሉ። አንድ የበሰለ ሙዝ ጥሬዎቹ መካከል ሲቀመጥ ሌሎቹን የሚያበስላቸው በዚህ ነው። ከአርባ ምንጭ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ አዲስ አበባ የሚገባውን ጥሬ ሙዝ ነጋዴዎች በተዘጋ ክፍል አኑረው የነጭ ጋዝ ምድጃ የሚለኩሱበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ በጭሱ ውስጥ ኤትሊን አለና። ብርቱካንና ሎሚ ግን ከተቈረጡ በኋላ አይበስሉም፤ ያለ ጊዜው የተቈረጠ ብርቱካን በቤት ውስጥ ቢከርም አይጣፍጥም።

ፈጣሪ ለፍሬ የራሱን ስስ ሰም አልብሶታል። ሲያሹት የሚወለወለው፣ ውሃ ሲፈስበትም እንደ ጤዛ አንጠብጥቦ የሚያወርደው ያ ነው። የሚበላ ሽፋን የሚባለው ሰው ከዚህ ተምሮ የጨመረው ሌላ ስስ ልብስ ነው። ሥራውም ሁለት ነው፤ ውሃው ቶሎ እንዳይወጣ ይይዛል፣ ትንፋሹንም ዝግ ያደርጋል። ፍሬው ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ቀስ ብሎ ይበስላል። ከዚህ የዘለለ ተአምር የለበትም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በቻይና ብርቱካንና ሎሚን በሰም መንከር ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቅ እንደ ነበር የሙያው ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ብርቱካንን በሰም መቀባት ትልቅ ንግድ ሆኗል፤ በማሸጊያ ቤቶች ፍሬው ሲታጠብ የተፈጥሮ ሰሙ ስለሚለቅ ሌላ መተካት ያስፈልግ ነበርና። በቅርቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው አፒል የተባለ ድርጅት ከዕፀዋት ቅባት የተሠራ ሽፋን የለበሰ አቮካዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአሜሪካ መደብሮች አቅርቧል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በ2023 ስለዚህ ሽፋን አስፈሪ መልእክት ልከውላችሁ ከሆነ፣ በዚያ ወቅት በማኅበራዊ መገናኛዎች የተሰራጨው ወረቀት በእንግሊዝ አገር የሚሠራ፣ በስም ብቻ የሚመሳሰል የማጽጃ ፈሳሽ ወረቀት እንደ ነበር ልንገራችሁ። ስም ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስለ ሽፋን ጥቂት ገጽ ባነበብሁ ማግሥት፣ በማገለግልበት አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ደብር ሄድሁ። ደብሩ ጥሩ የማንጎ ዛፎች አሉት። ከጧፍ ሠሪ እማሆይ ንጹሕ ሰም ገዛሁ፤ በኑግ ዘይት አቅልጬ፣ በጨርቅ እየነከርሁ፣ ገና ጥሬ የነበረውን ማንጎ አንድ በአንድ ወፈር አድርጌ ቀባሁት። ልኩን የለካሁት በዓይኔ ነበር፤ ባብረቀረቀ መጠን የተጠበቀ መሰለኝ። ለሰበካ ጉባኤውም ነጋዴ እንዳይቸኵሉ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ሊያቆዩ እንደሚችሉ በድፍረት ነገርኋቸው። እነርሱም የዲያቆኑን ቃል አምነው የመጣውን ነጋዴ መለሱ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሌላ ነጋዴ መጣ። ፍሬው ከላይ ሲታይ አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ እንደ ተቈረጠ ያለ ነበር፤ ልቤ በኩራት ሞላ። ነጋዴው አንዱን ሲቈርጠው ግን ከውስጡ የጠላ ሽታ ወጣ። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛውም። ቄሰ ገበዙ አንዱን ቍራጭ አንሥተው አሸተቱና፣ «ልጄ፣ ይህ ፍሬ የተጠመቀ እንጂ የተቀባ አይመስልም» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ሆዴ ግን ሌላ ነበር። ደብሩ በዚያ ዓመት በወረደ ዋጋ እንኳ ቢሸጥ ያገኘው የነበረውን ገንዘብ አጣ። ከደመወዜ ልተካ ብዬ ብለምንም አስተዳዳሪው አባት አልተቀበሉኝም። «ገንዘቡን ተወው፤ ለሌሎች ግን ንገር» አሉኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ነው።

ምን ሆኖ ነው? በመካከላችን ያሉ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ጋኑ አፉ የሚመረገው አየር እንዳይገባበት ነው። አየር በሌለበት ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል። እኔም ማንጎውን እንደ ጋን መረግሁት። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 ከመቶ ገደማ ኦክስጅን አለ፤ በፍሬው ውስጥ ይህ ወደ አንድና ሁለት ከመቶ ሲወርድ ፍሬው በትክክል መተንፈስ አቁሞ ከውስጥ መብላላት ይጀምራል። ስለዚህ ሽፋን ማለት ማፈን ማለት አይደለም። ስስነቱ ነው ዋናው ነገር፤ በዓይን ሊታይ እስከማይችል ድረስ። ሙቀት በበዛ መጠን ደግሞ ፍሬው የሚፈልገው አየር ይበዛል፤ ስለዚህ በደጋ ገበያ የማይጎዳው ሽፋን በእናንተ አገር ሙቀት ሊያፍነው ይችላል። በውጭ አገር ማቀዝቀዣ ቤት የተለካ ልክ በዚህ ቆላ እንደማይሠራ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ዋናው ነገሬ እመጣለሁ። ሽፋን ያገኘውን ያቆያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። የተቀጠቀጠ ማንጎ ብትቀቡት የተቀጠቀጠ ማንጎ ነው የሚቆያችሁ፤ እንዲያውም ቍስሉ ላይ እርጥበቱን ዘግቶ ሻጋታውን ያመቻችለታል። በውስጡ የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን የጣለችበት ፍሬ ተቀብቶም ይተላል። በምዕራብ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ታይቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተዛመተው፣ በቅጠልና በፍሬ ላይ ነጭ ቅርፊት መስሎ የሚጣበቀው ነፍሳት ያጠቃው ማንጎም እንዲሁ ነው፤ የእርሱ መድኃኒት ያለው ዛፉ ላይ፣ በመግረዝና በእንክብካቤ ነው። በማንጎ ላይ ሲበስል የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብም ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ የገባ፣ በቆዳው ውስጥ ተደብቆ የቆየ የሻጋታ በሽታ ነው። ይህን የሚያስታግሰው ፍሬውን ከ52 እስከ 55 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው፤ ግን ያለ ሙቀት መለኪያ አትሞክሩት፤ ጥቂት ዲግሪ ቢያልፍ ወይም ጊዜው ቢረዝም ቆዳው ይቀቀላል።

ስለዚህ ከሽፋኑ በፊት አለቃቀማችንን እንይ። አባቶቼ፣ አይቀየሙኝና፣ አለቃቀማችን መጥፎ ነው። ዛፉን እንነቀንቃለን፤ ልጆችን እናስወጣለን፤ ዱላ እንወረውራለን። እኔም በቆሎ ተማሪነቴ ወርውሬ ያወረድሁትን ማንጎ ብዛት እግዚአብሔር ይወቀው። ከላይ የወደቀ ማንጎ በዚያ ቀን ምንም ያልሆነ ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ያረፈበት ጎኑ ይጠቁራል። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ቀለበትና ከረጢት አስሮ፣ ቀለበቱም ላይ መቍረጫ ስለት አድርጎ መልቀም ይቻላል፤ ይህን መሣሪያ የመንደሩ አንጥረኛ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ማንጎው ሲቈረጥ የተንጠለጠለበትን ዘንግ ጥቂት ማስቀረት ይገባል። ከሥሩ ከተነቀለ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይወጣና ቆዳው ላይ ሲወርድ ጥቁር መንገድ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ከሥሩ ቈርጦ ፍሬውን በጥላ ሥር አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ከመሬት ጋር ሳይነካካ፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ ማቆየት ነው። ለመለቀም መድረሱም በግምት አይሁን፤ የፍሬው ትከሻ ከዘንጉ በላይ ሞልቶ ሲነሣ፣ አንዱም ተቈርጦ ሲታይ ሥጋው በዘሩ ዙሪያ ቢጫ መሆን ሲጀምር ደርሷል። ያልደረሰ ማንጎ ተቀብቶ ቢቀመጥ ይጨማደዳል እንጂ አይጣፍጥም።

መልቀም በማለዳ ይሁን። የተለቀመው ፀሐይ ላይ አይዋል። በማዳበሪያ ጆንያ አይታጨቅ፤ ጆንያው ላይም ሰው አይቀመጥበት፤ በመኪና ላይ የሆነውን ሁላችን አይተናል። ጥልቀት የሌለው የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቶ ከነጋዴው ጋር በመለዋወጥ መጠቀም ይቻላል። ማስቀመጫም ከሌለ፣ በሕንድ የግብርና ተመራማሪዎች ከዓመታት በፊት ያስተዋወቁት ቀላል ቤት አለ፤ ሁለት ድርብ የጡብ ግድግዳ ሠርቶ በመካከሉ አሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውሃ ማርጠብ፣ ላዩን በሣር መክደን ነው። መብራት አይፈልግም። ውሃው ሲተን እንስራ ውሃችንን እንደሚያበርድልን ሁሉ ፍሬውንም ያበርድለታል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት የበለጠ ይሠራል፤ በክረምት ግን ብዙ አትጠብቁበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ነው ሽፋን ወደ መነጋገሪያ የሚገባው። እዚህ ላይ ደግሞ ከሌሎች ገዢዎች ይልቅ እኛ ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ከምን ተሠራ?

በመጋቢት ማንጎ የሚገዛን ምእመን የሚገዛው የጾም ምግብ ነው ብሎ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲገዛ ደግሞ መለያውን አያነብም፤ እኛን ያምናል። ሽፋን ግን አንድ ነገር አይደለም። ከወተት አጓትና ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ አለ። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ከሚገኘው ጄላቲን የሚሠራ አለ። ኪቶሳን የሚባለው፣ ሻጋታን በመከላከል በተመራማሪዎች እጅግ የተመሰገነው፣ በብዛት የሚወጣው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ስለሌላቸው የባሕር ፍጥረታት ያለውን ታውቃላችሁ። ከእንጉዳይና ከሻጋታ ዝርያዎች የሚሠራ ኪቶሳንም አለ፤ ግን በዱቄቱ መልክ አይለይም፤ ሻጩ በጽሑፍ ካላረጋገጠ መለየት አይቻልም። ሼላክ የሚባለው አንጸባራቂ ቅብ በሕንድና በታይላንድ በዛፍ ላይ ከምትኖር ነፍሳት የሚወጣ ነው። በሌላ በኩል የንብ ሰም አለ፤ ከብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ሰም አለ፤ ከስታርችና ከዕፀዋት ጭረት የሚሠሩም አሉ። በማሸጊያው ላይ በቍጥር ሊጻፉ ይችላሉና እነዚህን ያዙልኝ፤ ኢ 901 የንብ ሰም፣ ኢ 903 ካርናውባ፣ ኢ 904 ሼላክ፣ ኢ 414 የግራር ሙጫ ነው። ኢ 471 የተባለው ቅባት ከዕፀዋትም ከእንስሳትም ሊሠራ ስለሚችል ቍጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ምንጩን ጠይቁ።

የትኛው ለጾም ይሆናል፣ የትኛው አይሆንም የሚለውን እኔ አልወስንም። ይህ የሊቃውንት አባቶቻችን ነው። የእኔ ድርሻ በውስጡ ያለውን ሳይሸሽጉ መናገር ነው። ነገር ግን አንድ የሰበካ ጉባኤ ምንጩን ያላወቀውን ዱቄት ገዝቶ በዐቢይ ጾም ፍሬ ላይ ቀብቶ ቢሸጥ፣ ነገሩም በኋላ ቢታወቅ፣ የሚጠፋው የማንጎ ዋጋ ብቻ እንደማይሆን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ለወተት ወይም ለባሕር ፍጥረታት ሰውነቱ የሚቈጣበት ሰው ጉዳይም አለ፤ ለእርሱ ነገሩ የጾም ብቻ ሳይሆን የሕይወት ነው። ስለዚህ ከምንና ከየት እንደ ተሠራ፣ ለምግብነት የተፈቀደ መሆኑም በጽሑፍ ሳይገለጽ በዚህ ወረዳ አንድ ከረጢት እንኳ እንዳይገዛ እለምናለሁ።

ከሁሉ ለእኛ የቀረበው የግራር ሙጫ ይመስለኛል። በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በሰሜን ምዕራብ ቆላዎች ከሚበቅሉ የግራር ዓይነቶች ይገኛል፤ አገራችንም ወደ ውጭ ትሸጠዋለች። ከዕጣን ጋር ግን አታምታቱት። አንዳንድ ነጋዴዎች አብረው ይሸጧቸዋል፤ ሁለቱም የዛፍ እንባ ናቸው፤ ነገር ግን ሙጫው በውሃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ሽታም የለውም፤ ዕጣን ግን በውሃ አይሟሟም፣ ሽታውም ወደ ፍሬው ይገባል። ዕጣንን ለማዕጠንቱ እንተወው። እ.ኤ.አ. በ2010ና ከዚያ በኋላ በማሌዥያ በቲማቲምና በሙዝ ላይ በተደረጉ ጥናቶች 10 ከመቶ የሙጫ ውህድ የፍሬውን መብሰል አዘግይቷል፤ ይኸውም በአንድ ሊትር ውሃ 100 ግራም ሙጫ ማለት ነው። ጉድለቱም አለ። ሙጫ ጋዙን እንጂ የውሃ ትነትን አጥብቆ አይዝም፤ በዝናብና በወዝ ይታጠባል። ሰም ደግሞ በተቃራኒው ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሁለቱን ያዋህዳሉ፤ እኛ ግን ለጊዜው በሙጫው ብቻ እንጀምር፤ በሰም የደረሰብኝን ሰምታችኋል።

እሬትንም የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በስፔን እ.ኤ.አ. በ2005 በወይን ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ያሳየው አሎ ቬራ የተባለው ዓይነት ነው። በየገደላችን የሚበቅለው እሬት ብዙ ዓይነት ነው፤ ቢጫው መራራ ፈሳሹም ሆድ ያስኬዳል። ከግቢያችሁ ቈርጣችሁ ፍሬ ላይ አትቀቡ።

የግራር ሙጫውን እንዴት እንሞክር? ከአንድ ዛፍ፣ በአንድ ማለዳ፣ በእጅ የተለቀሙ 40 ማንጎዎች ምረጡ፤ አንድም የተቀጠቀጠ አይኑርባቸው። ሁሉንም በንጹሕ ውሃ እጠቡና በጥላ አድርቁ። ለ20ዎቹ ንጹሕ የተፈጨ ሙጫ ለብ ባለ የፈላ ውሃ ሟሙቶ በቀጭን ነጠላ ይጠለል፤ ሲቀዘቅዝ ፍሬዎቹ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ይነከሩና ሳይደራረቡ በጥላ ይድረቁ። ሌሎቹ 20 አይነኩ። ውህዱን ለነገ አታሳድሩ፤ በአንድ የታመመ ፍሬ የቆሸሸ ውሃ የሌሎቹ ሁሉ በሽታ ይሆናል። ከዚያ ሁለቱንም ወገን በአንድ ቤት፣ በተለያየ ሳጥን አስቀምጡ፤ በየሁለት ቀኑ መዝኑ፤ ከየወገኑ አንድ አንድ እየቈረጣችሁ ቅመሱ፣ አሽትቱም። ቀምሰው የሚፈርዱት የቀቡት ሰዎች አይሁኑ፤ የትኛው የተቀባ እንደ ሆነ የማያውቁ እናቶች ይሁኑ። ሁሉም በመዝገብ ይጻፍ፤ ቢበላሽም ይጻፍ። ለነጭ ጋዝ ክፍል የሚላክ ሙዝ ግን ሙከራው ውስጥ አይግባ፤ የተቀባ ሙዝ ጋዙን በወጉ አያስገባምና በነጋዴው ዘንድ ያስነቅፈናል።

የምንጠብቀው ትርፍ ቀናት እንጂ ወራት አይደለም። ማንም መጥቶ ማንጎ ለሁለት ወር ያቆያል ቢላችሁ አትመኑት። ሆኖም ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ገበያ ማቆየት ከተቻለ፣ ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ እኛም «እንቢ፣ ቅዳሜ እናወጣዋለን» ለማለት እንችላለን። ለእኔ ሽፋኑ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ለደብዳቤው መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። የጣሪያው ገንዘብ አይነካ። ኮሚሽኑ በዚህ ሩብ ዓመት ባለው በጀት መልቀሚያ ዘንግ፣ የፕላስቲክ ሳጥንና ሚዛን ለሚጠይቁ አጥቢያዎች የበኩሌን ድጋፍ ጽፌ አቀርባለሁ። ሽፋን እንዲገዛ ግን የሙከራ መዝገብ ሳላይ አልፈርምም፤ ስለዚህም የሚቀየመኝ ካለ ከስብሰባው በኋላ ይውቀሰኝ። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለምግብነት የጸዳ የግራር ሙጫ በግማሽ ግማሽ ኪሎ ታሽጎ ተቀምጧል፤ አንዱ ለ5 ሊትር ውሃ፣ ለአንድ ሙከራ ይበቃል። ከየአጥቢያው አንድ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ይውሰድ፤ መዝገቡን ይዛችሁ ከትንሣኤ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ እንገናኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።